ከቆቦ ለሚበር ሰው የተሰጠ የወንድም ምክር

ወንድምዓለም፣ አውሮፕላን እንደምትወድ ሰምቻለሁ። አትፈር። ደህና ልማድ ነው፤ ከቁማርም ከጫትም ይሻላል፣ ቢያንስ ቀና ያደርጋል። ግን ቆቦ ተወልዶ አውሮፕላን መውደድ የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ሳያውቁ የገቡበት ብዙ ልጆች ተጎድተዋል። አንተ እንዳትጎዳ ቀስ ብለን እናየዋለን።

መጀመሪያ ቦታህን ምረጥ። በሌላው አገር አውሮፕላን ወዳዱ ሁሉ ከማረፊያው አጥር ሥር ቆሞ ካሜራ ይደግናል። አንተ አጥር የለህም። ማማ ግን አለህ። የማሽላ ማማ ለዚህ ሥራ የተሠራ እስኪመስል ድረስ የተመቸ ነው፤ ከፍ ያለ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ ዙሪያውን ያሳያል። ውጣበት። በስተምሥራቅ ዞብልን ታያለህ፤ እሱን ተወው። ፊትህን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላስታ ተራሮች አዙር። ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚሄደው በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ወንጭፉን አስቀምጥ። ግሪሳው ለጊዜው ይብላ። የሚበላው የአባትህን ነው፣ ማንም ከሌላ ቦታ መጥቶ አይጠይቅህም።

አሁን ዓይነቱን ለይ። ሁለት ፕሮፔለር ካለው፣ ክንፉም ከጀርባው በላይ ከሆነ፣ ኪው-400 ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። አየር መንገዳችን የመጀመሪያውን የተረከበው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ በፊት ፎከር 50 ነበር፤ ከሁሉም በፊት፣ ገና ድርጅቱ ሲመሠረት፣ ዳኮታ ነበር። እሸት የሚባል የእርሻ መርጫ አውሮፕላንም በ1970ዎቹ ማገባደጃ እዚሁ አገር ተገጣጥሟል። ይህን ሁሉ በቃልህ ያዝ። ፈተና ላይ አይመጣም፣ ሥራም አያስቀጥርም፤ እውቀት ግን አይናቅም። ኪው-400 ከቆቦ አናት እስከ አላማጣ አናት በሦስት ደቂቃ ይጨርሳል። ያንኑ መንገድ በሚኒባስ ብትሄድ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ረዳቱ ገና "አንድ ሰው የቀረው" እያለ ነው። እንዲህ ያለውን ንጽጽር ለራስህ ብቻ ያዘው። ረዳቱ ፊት አትናገር።

ስልክህ ላይ የበረራ መከታተያ አውርድ። ቢጫ ቢጫ አውሮፕላኖች በካርታው ላይ ሲሳቡ ታያለህ። አንዱን በጣትህ ንካው፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ፣ በስንት ጫማ ከፍታ እንዳለ ይነግርሃል። አንተ ያለህበትን አይነግርህም፤ ያንን አንተ ታውቀዋለህ። በክልላችን እንደ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥ አትሸበር። ወደ ማማው ተመለስ። ሰማይ ዳታ አይፈልግም።

ቀጥሎ ዜና ተከታተል። የአቪዬሽን ዜና ለጤና ጥሩ ነው፤ በአገራችን ከሚነበቡት ዜናዎች ሁሉ ዘወትር መልካም የሚሆነው እርሱ ብቻ ነው። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአስመራ በኩል ካይሮ በረረ። በ2004 ዓ.ም. ድሪምላይነርን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ። ደስ ይበልህ። በ2017 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ350-1000ን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ። ደግመህ ደስ ይበልህ። ከ130 በላይ የውጭ አገር መዳረሻዎች አሉት። እያንዳንዱን በስም ጥራ፤ ሳኦ ፓውሎ፣ ጓንዡ፣ ኦስሎ። የቆቦ ጎረቤቶች ጎብዬና ሮቢት ላይ ስትደርስ አቁም።

ስትናገር ሁልጊዜ "ገዛን" በል። "ገዙ" አትበል። "አዲስ ኤርባስ ገዛን፣ አዲስ መስመር ከፈትን፣ ሽልማት ወሰድን።" ጠጅ ቤት ውስጥ ይህን ስትል የሚከራከርህ የለም። ሁሉም ገዝቷል። ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል አስተናጋጁ ሲጠይቅ ያኔ ወደ ነጠላ ተመለስ።

ስለ አዲሱ ማረፊያም አንብብ። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው ነው። ወጪው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲያልቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል። ንድፉን የሠራው በሟቿ ዛሃ ሐዲድ ስም የሚጠራው የለንደን ቢሮ ነው። ሥዕሉን ስልክህ ላይ አስቀምጠው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ ከቆቦ ለሚነሣ ሰው ጉዞው በዚያው ልክ ይረዝማል። አትከፋ። ትልቅ ነገር በቀላሉ አይደረስበትም።

አንድ ነገር ላይ ጠንቀቅ እንድትል እፈልጋለሁ። ስለ አገርህ "ራያን አውሮፕላን ጎብኝቶት አያውቅም" የሚል ሰው ታገኛለህ። አትቆጣው፣ አስረዳው። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ሰባት ወር አለፍ ሲለው በእኛው ሰሜን ነበር። የራያን አመፅ እንዲያበርዱ ታዘው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ራሳቸው አምፀው ነበርና፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ አውሮፕላን ተላከላቸው። አስቀድሞ ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎ ቦንብ ጣለ። የሰሜን ሰው ስለ አቪዬሽን የመጀመሪያውን ዜና ያነበበው ከራሱ ከአውሮፕላኑ ላይ ነው። ይህ ዕድል ለስንት አገር ደርሶታል? በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው በኋላ ደግሞ ጣሊያኖች ሐሸንጌ ዳር ባፈገፈገው ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ከአየር ረጩ። በ1936 ዓ.ም. መግቢያ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ በዚያ ካመፁት ውስጥ ራያዎች ነበሩበት። በ1977ቱ ረሃብ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ለሰሜኑ እህል አመላለሱ፣ ማረፍ ባልቻሉበትም ከአየር ጣሉ። በዚያው ሰሞን ለሰፈራ የተመረጡ ሰዎች ከሰሜን በአንቶኖቭ ተጭነው ወደ ደቡብና ምዕራብ ተወሰዱ። ክፍያ አልተጠየቁም፤ የመመለሻ ትኬት ግን አልነበራቸውም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንበጣ ማሽላውንና ጤፉን ሲያራግፈው መርጫ አውሮፕላን መጣ። ለግሪሳም ይመጣል።

እንግዲህ ቁጠርለት። አውሮፕላን ስታምፅ መጥቷል፣ ስትሸሽ መጥቷል፣ ስትራብ መጥቷል፣ አንበጣ ሲመጣብህ መጥቷል። ያልመጣው ዘመድ ልትጠይቅ በፈለግህ ቀን ብቻ ነው። በአንዲት ጉድለት ደግሞ ወዳጅነት አይፈርስም።

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ። ከቆቦ አዲስ አበባ በመኪና 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ የሚደረግ በረራ ግን አንድ ሰዓት ወይም ጥቂት ዘለግ ያለ ጊዜ ይበቃዋል። ጊዜህ ክቡር ነው። በአውሮፕላን ሂድ። ሦስት ማረፊያ ቀርቦልሃል፤ ሌላው አገር ያለ ሰው አንድ ነው ያለው።

ኮምቦልቻን ከመረጥክ ገና ሳይነጋ ከመናኸሪያ ተነሣ። ሮቢትን፣ ጎብዬን፣ ወልድያን፣ መርሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴን እለፍ። ወደ 195 ኪሎ ሜትር ነው። ስትደርስ የአዲስ አበባን መንገድ ሲሶ በመኪና ጨርሰሃል። አይቆጭህ፤ የቀረውን ሁለት እጅ በአየር ትክሳለህ። ሁለት ሰዓት ቀድመህ ማረፊያው ተገኝ። ቀበቶህን ፍታ። ጫማህን አውልቅ ካሉህ አውልቅ። ጠብቅ። ቆቦ ላይ አብሮህ ተሳፍሮ የነበረው ሽማግሌ ደሴ ምሳውን በልቶ በዚያው አውቶቡስ ቁልቁል ቀጥሏል። በረራህ ከዘገየ እርሱ ሊቀድምህ ይችላል። ስትገናኙ ማን ቀደመ ብለህ አትከራከር። እርሱ ተጓዘ፣ አንተ በረርክ።

ላሊበላን ከመረጥክ ነፍስህም ትጠቀማለች። ከወልድያ በድልብ አድርገህ ተራራውን ውጣ። ማታ መንገድ ስለማይኬድ ከዋዜማው ሂድ። ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት፤ ማረፊያው ከሥሯ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሜዳው ላይ ነው። ስለዚህ ትወጣለህ፣ ታድራለህ፣ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ትበራለህ። አልጋ አይጠፋም፤ የሰሜኑ ጦርነት ቱሪስቱን ስላሸሸው ሆቴሉ ሰው ናፍቆታል። ለገና በእግሩ ከሚመጣው ምዕመን ጋር ግን ራስህን አታወዳድር። እርሱ የመጣበትን ነገር አግኝቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ሦስተኛው፣ እኔ ለእውነተኛ አውሮፕላን ወዳድ የምመክረው፣ የመቀሌው አሉላ አባ ነጋ ነው። አዲስ አበባ በስተደቡብ መሆኗን ለጊዜው እርሳ። ወደ ሰሜን ሂድ። አላማጣን እለፍ፣ የግራካሶን ጠመዝማዛ ውጣ፣ ኮረም ላይ ነጠላህን ደርብ፣ ማይጨውን አቋርጥ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኬላ ላይ መታወቂያ ከጠየቁህ ስጥ። የየትኛው ክልል ሰው እንደሆንክ ጠያቂው ይነግርሃል፤ ስትመለስ ሌላው ጠያቂ ያርምልሃል። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከዚያ ማረፊያ ለመንገደኛ በረራ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትኬት ፈልገህ ከነበረ የመረጥከው ቀን ጥሩ አልነበረም ማለት ነው። ቀን መምረጥ ልመድ።

ከመቀሌ ስትነሣ በግራ በኩል መስኮት ያዝ። ይህን አደራ እልሃለሁ። የኪው-400 ክንፍ ከላይ ስለሆነ መሬቱን አይጋርድብህም። ከተነሣህ ወደ ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ደመና ካልከለከለህ፣ የራያ ሜዳ ወለል ብሎ ይታይሃል። ቆቦን ፈልጋት። ማለዳ ተነሥተህ ግማሽ ቀን ሙሉ የራቅኻት ከተማ ከሥርህ ናት። ከቤትህ ወጥተህ ከቤትህ በላይ ለመድረስ የፈጀብህን ጊዜ አታስላ። አስተናጋጇ ውኃ ስታመጣ ተቀበል፣ አመስግን። መውረጃ አትጠይቃት።

በረራው ተሰርዟል ከተባልክ አትጩህ። ለአንተው ደኅንነት ነው። ወደ ቤትህ ተመለስና ከላይ የነገርኩህን ከመጀመሪያው ጀምር።

"ለምን እዚሁ ማረፊያ አይሠራልንም?" የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ዋጠው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዝናቡ ጥቂት ነው፣ ጭጋግ አያውቀውም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ስለሆነ ግን አይጠየቅም። መጀመሪያ ባቡሩን ጠብቅ። ከአዋሽ ሐራ ገበያ፣ ከሐራ ገበያ መቀሌ ይመጣል ተብሎ ተጀምሮ ነበር። አንድ ነገር ሳያልቅ ሌላ መጠየቅ ነውር ነው።

ሻንጣህ ውስጥ ሽንኩርት አትያዝ። የቆቦ ጊራና ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ ነው የሚሄደው፤ ፀሐይ እየመታው፣ ኬላ እየቆመ፣ ከሥር ያለው እየፈረጠ። በአውሮፕላን የሚሄደው ጽጌረዳ ነው። እርሱ ቦሌ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያርፋል፣ ከዚያም ቤልጂየም ሌየዥ ይገባል። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ግን ከቲማቲሙ በላይ ይከበራል። ልጅ ስትወልድ ይህን ንገረው። ሲያድግ ምን መሆን እንደሚሻለው በጊዜ ይወስን።

ይህን ሁሉ ስነግርህ በቤታችሁ ከአንተ የበለጠ አቪዬሽን የሚያውቅ ሰው መኖሩን ዘንግተህ እንዳይሆን። እህትህ። ጅዳ ናት ወይስ ቤሩት? የሄደችበት አውሮፕላን ቦይንግ ይሁን ኤርባስ ጠይቃት፤ አታውቅም። መስኮት በኩል ነበር ወይ በላት፤ አታስታውስም፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር። ሰፊ አውሮፕላን፣ ረጅም በረራ፣ ነጻ ምግብ አግኝታ አንዱንም አላጣጣመችም። አትፍረድባት። ዜናውንም ካርታውንም የምታይበት ስልክ እርሷ የላከችው ነው። ስትደውል ስለ ኤ350-1000 ብትነግራት ደስ ይላታል፤ አሠሪዋ ከፈቀደችላት።

የመጨረሻው ምክሬ ገንዘብ ለሌለው ነው። ትኬት መግዛት ካልቻልክ ተስፋ አትቁረጥ። ነጻ በረራ አለ። ከወልድያ በጭፍራ ወደ ሚሌ ውረድ። ሎጊያን እለፍ። ከዚያ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን። አብዛኛው በእግር ነው፤ ውኃ ያዝ። ለደላላ የሚከፈለው ከአገር ውስጥ ትኬት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አባትህ በሬዎቹን ይሸጣል። ባሕሩ ላይ የሚቀሩ አሉ፤ አንተ ከእነርሱ አትሁን። ሳዑዲ ስትገባ ይይዙሃል። አትታገል፤ ለበረራው እንደተመዘገብክ ቁጠረው። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት የሚባለው ደንብ እዚያም አለ፣ ትንሽ ብቻ ይረዝማል፣ ወራት ሊሆን ይችላል። ሻንጣ ስለማይኖርህ በኪሎ የሚጨቃጨቅህ የለም። ከዚያ ያሳፍሩሃል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው እንዲህ ተሳፍሮ አገሩ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህም መስመሩ አልተቋረጠም። ብቸኝነት አይሰማህም፤ ከወሎ፣ ከራያ፣ ከጅማ ብዙ ወንድም ታገኛለህ። በእግርና በጀልባ ስንት ጊዜ የፈጀብህን መንገድ ቀይ ባሕርን አቋርጠህ በጥቂት ሰዓት ትጨርሳለህ። ይህ ነው አጭር በረራ ማለት።

ቦሌ ስታርፍ የአገር ውስጥ ተርሚናሉ እዚያው ቅርብ ነው። አትግባበት፤ ቆቦ የሚል ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ የለም። ታክሲ ይዘህ ላምበረት መናኸሪያ ሂድ። የወሎ አውቶቡስ ሳይነጋ ስለሚነሣ ትኬትህን በዋዜማው ቁረጥ። የኋላውን ወንበር አትቀበል፣ ጣርማ በር ላይ ያናውጣል።